የአየር ጠባቂው ምክንያት

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ነርሶቹም፣ ዘበኞቹም፣ ልብስ አጣቢዎቹም «ጠፈርተኛዋ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አንዲት አፏ የማያርፍ አዋላጅ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ከሰው ተነጥላ ስትጽፍ አገኘቻትና «ምንድነው እሱ?» ብትላት «ስለ ጠፈር መርከብ ነው» ብላ እቅጩን ነገረቻት። አበቃ። በማግሥቱ ሆስፒታሉ ሁሉ ሰማ። እሷም ሰው ከለጠፈብኝ ስም ጋር ስጣላ አልኖርም ብላ ተቀበለችው።

ሥራዋ ግን እዚሁ ምድር ላይ ነው። ከሕንጻው ጀርባ ባለች የብሎኬት ክፍል ውስጥ ለሕሙማን ኦክስጅን ታመርታለች። ለሰሚው ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ትልቁ መጭመቂያ አየር ከውጭ ይስባል፣ ሁለት ረጃጅም ጋኖች ተራ በተራ ያጣሩታል፣ የተጣራው በቧንቧ ወደየአልጋው ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ንጽህናውን በመቶኛ ታሳያለች። ቁጥሩ ከዘጠና በታች ከወረደ አልጋ ላይ ያለው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አንዱ አንብቦ ቅጹ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው አረጋግጦ ከጎኑ ይፈርማል። ድሮ ቁጥሩ ሲወርድ የሚጮህ ጡሩምባ ነበረ፤ ያለ ምክንያት እየጮኸ ሰው ቢያማርር ሽቦውን ቆረጡት፣ የሚተካው ይመጣል እንደተባለም ቀረ።

እዚያች ክፍል ያስገባት አጎቷ ነው፣ የእናቷ ወንድም። እናቷ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እሱ ትዳር ሳይይዝ እሷን አሳደገ። መጭመቂያውን ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስነሳ የኖረው እሱ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል፣ እሷም እንደዚያው። ሥራውን ያስተማራትም በማሳየት ሳይሆን በማስደመጥ ነው። «አፍሽን ዝጊና ስሚ» ይላታል። «ጋኖቹ ሲቀያየሩ እፍ ብለው ካቆሙ ጤና ነው። ድምፁ እየሳሳ ከቀጠለ ቫልቩ አልዘጋም ማለት ነው።» አምስት ዓመት በኮንትራት አብራው ሠራች፤ አሁን ጆሮዋ ከእሱ ባያንስም ያንን በፊቱ አትናገርም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አንድ ነገር አለ። አጎቷ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ስኒው ውስጥ ያስገባል፣ መሙላቱን በጣቱ ለማወቅ። ጋዜጣ ሲቀርብለት «መነጽሬን ረሳሁ፣ እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» ይላል፤ መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። እሷ ታነብለታለች፣ እሱ ይሰማል፣ ሁለቱም ዝም። አንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች እያወቁ እንዳላወቁ ሲሆኑ ነገሩ እንደ ሦስተኛ ሰው ገበታ ይቀርባል። ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ተወችው።

አልጋ ዘጠኝ ላይ የተኛውን ሽማግሌ ያገኘችው የቧንቧ መክፈቻ ልታጠብቅ ወደ ዋርድ በወጣችበት ቀን ነው። ሳንባው የደከመ ሰው ነው፤ አፍንጫው ሥር ቀጭን ቱቦ አለ፣ እሷ የምትልከውን አየር ነው የሚስበው። በደህና ጊዜው የራዲዮ ድራማ ጸሐፊ ነበር፤ ያውም ስለ ጠፈር መንገደኞችና ስለ ሩቅ ዓለማት። ከጋዋኗ ኪስ ብቅ ያለውን ወረቀት አየና «ይሄ የቧንቧ ወረቀት አይመስልም» አላት። ጆሮዋ ድረስ ብታፍርም ሰጠችው።

ሦስት ቀን ይዞት ከረመ። በአራተኛው ቀን ሲመልስላት «መርከብሽን አየሁት» አላት። «ብሎኑ ሳይቀር ታየኝ። ግን ልጄ፣ ውስጡ ሰው የለም።»

«አሉ እኮ። ካፒቴኑ አለ፣ አየር ጠባቂው አለ።»

«ካፒቴኑ ቆራጥና አስተዋይ ነው ትያለሽ። ይሄ የሥራ ማስታወቂያ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ለሞተሩ አሥራ ሁለት ገጽ ሰጥተሽ ለሰውየው ግማሽ መስመር። አንባቢው ሞተር ቢያምረው ጋራዥ አይሄድም ነበር?»

ተናደደች። ተናዳም በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት የማትቀርበት ትምህርት ሆነ። ሽማግሌው ትንፋሹ ስለሚያጥረው ምክሩም አጭር ነው፤ አንድ ነገር ይላል፣ ያርፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ይቀጥላል። «ማሽን ስታመጪ ምን ይሠራል ብለሽ አትጀምሪ፤ ሲቆም ማን ያለቅሳል በይ።» «ስማቸውን በእጅሽ ሸፍነሽ ንግግራቸውን አንብቢ። ማን እንደተናገረ ካልለየሽ ሁሉም አንቺው ነሽ ማለት ነው።» «ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ሰውም ጫማው ይጠበዋል፤ እሱን አትርሺ።» አንድ ቀን ደግሞ ክንዷን ይዞ «ክፉ ሰው አትጻፊልኝ» አላት። «ክፉ ያደረገ ሰው ጻፊ። የሚደብቀውን ነገር ስጪው። ለምን እንደደበቀም ሳነብ፣ እኔ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር ማለት አለብኝ።»

ይሄ ምክር ለወረቀት ጥሩ ነው፣ ለኑሮ ግን ጣጣ አለው። ሰው የሚደብቀውን መፈለግ አንዴ ከጀመርክ ገበያ ላይ አትፈልግም፣ ቤትህ ነው የምትፈልገው። እሷም ማታ ማታ አጎቷን ሰርቃ ማየት አመጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ስትገባ አጎቷ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ብቻውን እዚያው ነበር። የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ዘጠና አራት ብሎ ጽፏል። የሁለት ሰዓቱንም አሁን ዘጠና አራት ብሎ ጽፎ፣ እንድታረጋግጥ ቅጹን ገፋ አደረገላት። ብዕሩን አንስታ ቀና ብላ መስኮቷን አየች። ሰማንያ ዘጠኝ ይላል።

ጆሮዋን ጣል ብታደርግ ጋኖቹ እፍ ብለው ያቆማሉ፤ ድምፁ ጤነኛ ነው። ንጽህና ደግሞ በጆሮ አይሰማም። አጎቷ ፊቱን ወደ መስኮቷ አቅንቶ፣ እንደሚያይ ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቆሟል። «ፈርሚ እንጂ» አላት። አየችው፤ ያሳደጋት ሰው ነው። ፈረመች።

ከዚያ ሮጠች። «ማጣሪያውን ላጽዳው» ብላ ሰበብ ሰጥታ ዋርዶቹን ወደ መጠባበቂያ ሲሊንደሮች አዞረች፣ የመግቢያውን ማጣሪያ ፈታች። አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ መልሳ ገጠመችው፤ ስትቸኩል ግን ብሎኑ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። አራት ሰዓት ሲሆን መስኮቷ ዘጠና ሁለት አለች። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየ ግን ማን ያውቃል? የአሥራ ሁለት ሰዓቱንስ ዘጠና አራት ማን አየው?

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ዋርድ የወጣችው እግሯ እየከበዳት ነው። ሽማግሌው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ነርሷ «ጠዋት አስጨንቆን ነበር፣ አሁን ይሻለዋል» አለቻት። እሱ በእጁ ጠራት። አጠገቡ ስትቀመጥ ፊቷን አየና «ዛሬ… ፊትሽ ላይ ያለውን… እሱን ጻፊ» አላት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም።

ወርዳ ጻፈች። እንግዲህ የዚህ ክፍል ሰዎች ወረቀት አይገዙም፤ ቅጹ በአንድ ወገን ብቻ የታተመ ስለሆነ የተበላሸው ቅጽ ጀርባ ለሁሉም ነገር ይሆናል፣ ለስልክ ቁጥርም፣ ለሥዕልም፣ ለሷ ለጠፈር መርከቧም። በዚያ ቀን ግን እጇ የገባውን ወረቀት ሳታይ ገልብጣ ነው የጀመረችው። አንድ ገጽ እስኪሞላ ቀና አላለችም።

ረቡዕ ዕለት ለሽማግሌው አነበበችለት። እንዲህ ይላል፤ «የመርከቧ አየር ጠባቂ ዓይኑ ከጠፋ ሰንብቷል። መስኮቷን አያያትም። በየሁለት ሰዓቱ ዘጠና አራት ብሎ ይጽፋል፣ ትናንት ዘጠና አራት ነበረና። ሰማንያ ዘጠኝ በወረደበት ጠዋትም ዘጠና አራት ብሎ ፈረመ። ያሳደጋት ልጅ አየች። አይታም ከጎኑ ፈረመች። ኩሩ ሰው ነበርና ዓይኔ ጠፋ ከሚል፣ ሰው ቢታፈን ይመርጥ ነበር።»

ሽማግሌው አፍንጫው ሥር ያለውን ቱቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ለምንድነው የሚዋሸው?» አላት።

«ኩሩ ስለሆነ።»

«ኩራት ፀባይ ነው፣ ምክንያት አይደለም። ሰውየውን ጠይቂው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሌላም ልንገርሽ። ከምታውቂው ሰው ስትወስጂ ሳቁን ውሰጂ፣ አረማመዱን ውሰጂ። ምስጢሩን ግን ሳታስፈቅጂ አትውሰጂ።»

ልትነሳ ስትል እጇን ያዘ።

«ልጅቷስ? ምን ታደርጋለች?»

«ገና አልጻፍኩትም።»

«ቶሎ ጻፊው» አላት። «እኔም ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ነኝ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም፤ ገጹንም ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቅጾች ጋር ጥላው ሄደች። ማታ ቤት ገብታ አጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ «ጋሼ» አለችው። ሦስቱንም ጊዜ «ወይ» ሲላት «ሻዩ ይጨመርልህ?» ብላ ለወጠችው። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ብላ ተኛች፤ መተኛት ከተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ስትገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አጎቷ የሳምንቱን ቅጾች ሰብስቦ፣ ጠርዛቸውን በመዳፉ እያስተካከለ በክሊፕ አስሮ፣ ከቴክኒክ ቢሮ በር ላይ ካለው ሣጥን ይከታል። ሃያ ሁለት ዓመት አጓድሎት አያውቅም። የጠፈር መርከቧን ገጽ ፈለገች። መሳቢያ ውስጥ የለም፣ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ የለም። ከዚያ ሳታይ ገልብጣ የጻፈችበት የማክሰኞ ቅጽ መሆኑን አስታወሰችና ወንበር ላይ ዘጭ አለች። የማክሰኞ ቅጽ የተበላሸ አልነበረም። አጎቷ የራሱን ምስጢር በገዛ እጁ ይዞ ሄዶ ከቷል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የት አይቶ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሣጥኑ የተቆለፈ ነው። ቁልፉ ቢሮውን ከምትመራው ኢንጂነር ጋ ነው። በዚያ ቀን ሰባት ጊዜ በዚያ በር አለፈች፤ አዋላጇ እንኳ «ጠፈርተኛዋ፣ መርከቡ አመለጠሽ እንዴ?» ብላ ቀልዳባታለች። ለአጎቷ ያኔም አልነገረችውም። ለምን እንደሆነ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰው ያጠፋውን ከሚናገር ተአምር ቢጠብቅ ይቀለዋል።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም ተጠሩ። ኢንጂነሯ ወጣት ናት፣ ከጠፈርተኛዋም ታንሳለች፣ ግን ሰው ስታናግር ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አለቻት።

«ታሪክ ነው። እኔ… እጽፋለሁ።»

«እንደምትጽፊ ሁላችንም እናውቃለን። ፈጠራ ነው?» መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ «ፈጠራ ነው ካልሽኝ ቅጽ አበላሸሽ ብዬ እቆጣሽና እዚሁ ያበቃል። ስለዚህ አስበሽ መልሺልኝ።» ከዚያ ወረቀቱን ለአጎቷ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?»

አጎቷ ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፣ መነጽሩን አወጣ፣ አደረገ፣ ራሱን እየነቀነቀ ከላይ እስከ ታች አየው። «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አለ። «ምንም ችግር የለበትም።»

የያዘው ቁጥሮቹ ያሉበትን ወገን ነው። ጽሑፉ በጀርባው፣ ወደ ኢንጂነሯ ዞሯል። ኢንጂነሯ አየችና ዓይኗን ወደ ጠፈርተኛዋ አዞረች። ያንን ሰው እንደዚያ ቆሞ ማየት አንጀቷን በላው።

«ጋሼ» አለችው፣ «በጀርባው ነው። ስጠኝ፣ ላንብብልህ።»

ሰጣት። አነበበች። እሱ ጋኖቹን ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰማ። «ሰማንያ ዘጠኝ» ስትል ዓይኑን ጨፈነ። «ኩሩ ሰው ነበርና» ስትል ግን እጁን አነሳ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አላት፣ ቀስ ብሎ። «ኩራት አይደለም። ኮንትራትሽ በአሥራ አንድ ሳምንት ያልቃል። ቋሚ የምትሆኚው የክፍሉ ኃላፊ ሲፈርምልሽ ነው፣ ኃላፊው እኔ ነኝ። ዓይኔን ብናገር በማግሥቱ ያሳርፉኛል፣ ቦታው ማስታወቂያ ይወጣበታል፣ ዲፕሎማ ያለው ይወስደዋል። አሥራ አንድ ሳምንት በጆሮዬ እገፋዋለሁ ብዬ ነው።» ደግሞም «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለ።

ምን ትላለች? አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጣ ያልጠየቀችውን ሰው፣ ወረቀት ላይ ፈርዳበት ነው የመጣችው።

አጎቷ ወደ ኢንጂነሯ ዞረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከጎኔ የፈረመችው እኔን አምና ነው፣ መስኮቷን አላየችም። የጻፈችው ኋላ ሲገባት ነው።»

ይሄ ውሸት ነው፤ ሦስቱም ሳያውቁት አልቀሩም። ግን ጥሩ ውሸት ነው፣ የተከፈተ በር ነው። ኢንጂነሯም በሩን ልትዘጋው የፈለገች አትመስልም። «እንደዚያ ነው?» አለቻት። አዎ ብትል ቋሚ ሠራተኛ ናት። አንድ ቃል ናት። አጎቷ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ በማያዩ ዓይኖቹ «በይ እንጂ» እያላት ነው።

«አይደለም» አለች። «አይቻለሁ። ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። አይቼ ነው የፈረምኩት። የአሥራ ሁለት ሰዓቱንም ማንም አላየውም።»

ኢንጂነሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ወዲያው ስልክ አንስታ ንጽህናውን በእጅ መለኪያ የሚያይ ሰው ወደ ክፍሉ ላከች፤ የጡሩምባው ሽቦም በዚያው ቀን እንዲቀጠል አዘዘች። ከዚያ ለእነሱ የሚገባውን ነገረቻቸው። አጎቷ ከዛሬ ጀምሮ ፈረቃ አይገባም፤ ዓይኑን የሚያይለት ሐኪም እሷ ራሷ ታነጋግርለታለች። ጠፈርተኛዋ ምትክ እስኪገኝ ትሠራለች፣ የቋሚነቱ ነገር ግን ቀርቷል። «ያሳዝናል» አለች ኢንጂነሯ፤ ያዘነችም ትመስላለች።

ሲወጡ አጎቷ ክንዷን አልያዘም። የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በጫማው ጫፍ እየፈለገ ብቻውን ወረደ። እሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ፣ ቢወድቅ ልትይዘው፣ ጀርባዋን ወደ ታች አድርጋ አብራው ወረደች። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«አውጥቼሽ ነበር እኮ» አላት። በጣም ተናዷል። «ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋሁለትን ነገር በአንድ ቃል አፈረስሽው። ለማን ብለሽ ነው?»

«አልጋ ዘጠኝ ላይ አንድ ሰው አለ። የምንልከውን ነው የሚተነፍሰው።»

ሃያ ሁለት ዓመት አየር ሲልክ አጎቷ አንድ ቀን ወደ ዋርድ ወጥቶ አያውቅም፤ ቧንቧው ግድግዳውን እስኪያልፍ ነው ሥራው። ንዴቱ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየና «ማክሰኞ ዕለት ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ምንም አልሆነም ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር» አለችው። «አንድ ቃል ይልና ያርፋል፣ አንድ ቃል ይልና ያርፋል። ሁልጊዜ ልጄ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ያን ቀን እሱን ማለት አቅቶት በእጁ ጠራኝ።»

አጎቷ ብረቱን እንደያዘ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ «ጋሼ ምነው?» ይላል። «በጆሮዬ ደህና ነበር» አለ፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። «እምልልሻለሁ፣ በጆሮዬ ደህና ነበር።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷም የሚያልፍ ሰው እንዳይረግጠው እግሩን ወደ ግድግዳው ሰብስባለት አጠገቡ ተቀመጠች።